ዜማ በእግሩ ይመጣ በነበረ ጊዜ

በልጅነታችን፣ ጋይንት ውስጥ ባለችው አርብ ገበያ ከተማችን፣ ዘፈን የሚገባው በእግሩ ነበር። የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ከወሎ የሚመጣው ነጋዴ በአህያው ጨውና በርበሬ ጭኖ፣ በአፉ ደግሞ የአገሩን ዜማ ይዞ ይደርሳል። ስማዳዎች የራሳቸው አወራረድ አላቸው፤ የእስቴዎቹ ይለያል፤ ከላይ ጋይንት ደጋ የሚወርደው ሰው ብርድ ያጠነከረው ድምፁ ገና ከዳገቱ አፋፍ ይሰማል። ሐሙስ ማታ እንግዳ በሚያሳድሩ ቤቶች ደጃፍ ያመሸ ልጅ፣ የነገው ገበያ ከየትኛው አገር ሰው እንደሚሞላ በእንጉርጉሮው ያውቀው ነበር። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም መሆናቸውን የተማርነው ኋላ ነው። መጀመሪያ የምናውቃቸው ማዶ ያሉ አገሮች ሆነው ነው፤ ሰው የሚነግድባቸው፣ አንዳንዱም ሄዶ አግብቶ የሚቀርባቸው። ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ አምባሰል ሲያወርድ እኛ ልጆቹ ዓይናችን ወደ በሽሎ ቆላ ይሄድ ነበር።

አሁን ገበያው ሲቆም ቀድመው የሚነሡት የሞባይል ቤቶቹ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። አንዱ የጎጃም እስክስታ ይለቃል፣ ጎረቤቱ የናይጄሪያ ዘፈን፣ ሦስተኛው መዝሙር። ሻጭና ገዥ ዋጋ ለመቁረጥ ጆሮ ለጆሮ ይጠጋጋሉ። “ዘፈን እንጭናለን” ከሚል ጽሑፍ ሥር የተቀመጠው ወጣት የገበሬውን ስልክ ይቀበላል፤ ምን ልጫንልዎ ብሎ አይጠይቅም፤ ሙሉ ፎልደር ገልብጦ ይመልስለታል። ገበሬው በኪሱ ይዞት የሚሄደው ዘፈን ዕድሜ ልኩን ቢያደምጥ የሚያልቅ አይደለም። ዘፋኞቹን አያውቃቸውም። ዘፋኞቹም እሱን አያውቁትም። በዚህ የተቸገረ ሰው ግን አላየሁም።

አዝማሪ ሰው ሳያውቅ አይዘፍንም ነበር። ጠላ ቤት ገብቶ ማሲንቆውን ከማንሣቱ በፊት ጥግ ይዞ አንድ ዋንጫ ይጠጣል። ዋንጫው እስኪጎድል ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን በሬ ገደል እንደገባ አጣርቶ ይጨርሳል። ከዚያ የደጋኑን ጭራ በሙጫ አሸት አሸት አድርጎ ይጀምራል። ያኔ የተጋደመው ተነሥቶ ይቀመጣል፣ የተቀመጠውም ጋቢውን ያስተካክላል፤ ስሙ መቼና በምን በኩል እንደሚነሣ የሚያውቅ የለማ። ልቡ የሞላ እንግዳ “ተቀበል!” ይልና ግጥሙን ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበላል። ሲሻው እንዳለች ይመልሳታል፣ ሲሻው ሰጪው ያላሰበውን ወርቅ ከታች አስገብቶባት ይመልሳታል፤ ሰውየው የገዛ ግጥሙን ከሌላ አፍ ሲሰማት ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ ቀጥሎ ኪሱን ይዳብሳል። ብሩ ላብ ያረጠበው ግንባር ላይ ይለጠፋል። አንዳንዷ ስንኝ ሰው አስታርቃለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ዱላ አስመዝዛለች። ሲነጋ ዘፈኑ የለም። የቀረ ካለ በሰው ጭንቅላት የቀረው ነው፤ እሱም በየቤቱ በየአፉ እየተለዋወጠ ሳምንቱን ይከርማል።

ይህን ስናወራ አንዷን ነገር ዘለን ማለፍ እንወዳለን። ሌሊቱን ሙሉ ያጨበጨበለት ሰው ጠዋት ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበር። “አዝማሪ” ስድብ ነበር። የደህና ሰው ልጅ ማሲንቆ ሲነካ ከተገኘ ይገረፋል፤ ተገርፎ ያልተወውን ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ይመክረዋል፣ እሱም ከግርፊያው ይብሳል።

ሙያው አሁን ስልክ ውስጥ ገብቷል። ማሲንቆ የያዘው ልጅ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ይቀመጥና ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፉትን ስሞች እያነበበ ያወድሳል። የሚያወድሰው ሰው ሪያድ ይሁን ዋሽንግተን ለይቶ አያውቅም፤ በሬው ገደል ይግባ አይግባ አይመለከተውም። ግንባር ላይ ይለጠፍ የነበረው ብር አንበሳ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያገሳል። ውዳሴው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ ጀግና ነህ፣ ደግ ነህ፣ ወንድም ጋሻ ነህ። ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ ቀርቷል ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን ልጁ “አርቲስት” ይባላል። ሲያገባ የልጅቱ አባት ደስ ብሎት ይድርለታል፣ እንዲያውም ለሠርጉ የሚያውቃቸውን አርቲስቶች እንዲጠራ ይለምነዋል። ለዚች ስል ቲክቶክን ብዙ ነገር ይቅር እለዋለሁ።

ቤት ውስጥ የሚዘፈነው ደግሞ ሌላ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ እናቶቻችን መጁን ይይዛሉ። መጁ ወፍጮው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያወጣው ድምፅ ምት ይሆናል፤ እንጉርጉሮው ከላዩ ይሄዳል። ለባል የማይነገር፣ ለአማት የማይነገር፣ ለነፍስ አባትም ቢሆን በግማሹ ብቻ የሚነገር ጉዳይ ሁሉ በዚያ ሰዓት ይነገራል። ጤፍ ሲፈጭ ዜማው ይለሰልሳል፤ ገብስ ሲሆን ይሻክራል። እኛ መደብ ላይ ቁርበት ተነጥፎልን፣ እንቅልፍ ሲወስደንና ሲመልሰን፣ የቤቱን ምስጢር ሳንረዳው እንሰማዋለን። አልፎ አልፎ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ላሊበሎች ደጅ ይቆማሉ፤ ባል ያወጣል፣ ሚስት ትቀበላለች። የአባወራውን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚመጡ ቤቱ በሙሉ ስሙን እየሰማ ይነቃል። እነዚህ ሰዎች ዘፍነው ካልለመኑ ቁምጥና ይይዛቸዋል ይባል ነበርና፣ ማንም ቢሆን ከመስጠቱ በፊት ዘፈኑ እንዲያልቅ ይጠብቅላቸዋል። ከሰጡ ምርቃት ነው፤ ከዘገዩ ዜማው ሳይለወጥ ቃሉ ወደ ነቆራ ይዞራል።

የናፍጣ ወፍጮ መጣና ያ ሁሉ ቆመ። ስለ ወፍጮ ዘፈን መጥፋት ከተማ ያለ ሰው ሲያዝን ስሰማ ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ፤ እስቲ አንድ ሌሊት ይፍጭና ደግሞ ያውራኝ። እናቴ የናፍጣው ቱፍ ቱፍ ከዘፈን ሁሉ ይበልጥብኛል ትል ነበር። ወፍጮ ቤት በተከፈተ ዓመት ጀርባዋ ቀና ብሏል፤ እጇም ለስልሷል። ጠፋ የምንለው ዜማ በሴቶች ወገብ ይከፈልበት እንደነበር እየዘነጋን ነው የምናለቅስለት። የተካው ነገር ግን ምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። ያ ለማንም የማይነገር ጉዳይ አሁን የት እንደሚነገር አላውቅም፤ ምናልባት በቴሌግራም ይሆናል።

የሩቁን ዜማ ለመስማት ደግሞ ሁልጊዜ ገበያ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ጋይንት ራሱ ዜማ የሚፈለግበት አገር ነው። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ በኢትዮጵያ የትም ተምሮ የትም ያስተማረ የድጓ መምህር ምስክርነት ከፈለገ የሚመጣው ወደ እርሷ ነው። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ራሱ ከአቡነ አረጋዊና ከአፄ ገብረ መስቀል ጋር መጥቶበታል ይባላል። ወደ እስቴ ወገን ቆማ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከሚለዩዋቸው የዜማ ይትበሃሎች ዋነኞቹ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተጠሩት በእኛው ሰፈር ስም ነው። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ድጓው ተቃጥሎ ሲያልቅ ቤተልሔም ያለው ተረፈ ብለው ሽማግሌዎች ይተርካሉ። ከዜማው ቃል በላይ የሚጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶችም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው፤ እንደሚተረከው ከበሽሎ ማዶ በተድባበ ማርያም ነው።

እኛ ልጆቹ ይህን ታሪክ አናውቀውም። የምናውቀው የቆሎ ተማሪዎቹን ነው። ለምድ የደረበ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ በበትሩ ውሻ የሚከላከል ልጅ ደጃፍ ቆሞ ስለ ማርያም ሲል እናቴ ከቁራሹ ጋር “አገርህ የት ነው ልጄ?” ሳትለው አታሰናብተውም። አንዱ ከትግራይ፣ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከሸዋ፣ አንዱ ከላስታ ነው። ግእዙን ሁሉም በአንድ ዜማ ይሉታል፤ ሲለምኑ ግን እያንዳንዱ የእናቱ አነጋገር ያሳብቅበታል። ማታ ጎጆ ለጎጆ ተቀምጠው ሲቀጽሉ የአንዱ መነሻ ከሌላው መድረሻ እየተደራረበ ሸለቆውን ይሞላዋል። ደግሞም ተማሪ ሁልጊዜ ቅዱስ አይደለም። መምህሩ ሲተኙ ያገሩን ዘፈን በለሆሳስ ለጓደኞቹ የሚያስተምር ነበረ። የራያን ጉማዬ መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ የድጓ ተማሪ ነው፤ አሁን ትልቅ መሪጌታ ስለሆኑ ስማቸውን አልናገርም።

ድጓው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ። ኬይ ካፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ አሜሪካዊያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ባለ3 ቅጽ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ መድበል አሳትመዋል፤ ምልክቱን እየለቀሙ ያጠኑበት መጽሐፍ ነው። ቤተልሔምና ቆማ በስማቸው የሚጠሩበት መጽሐፍ በሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አርብ ገበያ ትምህርት ቤት ግን ልጁ ስለ ሁለቱ አንድ መስመር ሳይማር ይመረቃል። የቆሎ ተማሪውም ስልክ ይዟል። የመምህሩን ድምፅ ቀርጾ ደጋግሞ ይሰማል፤ እሳቸው ሲደክማቸው ስልኩ ይቀጥላል። ጥሩ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ ተማሪው ሲስት ስልኩ አይቆጣም።

ሬዲዮ ሰፈራችን የገባው በአጎቴ ነው፤ ከውትድርና ሲመለስ ይዞት መጣ። ዳንቴል ለብሶ ከመደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ ልጅ እንዳይነካው እንደ አራስ ይጠበቅ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንድ ቀን የተሰጣ ድንጋይ ለአንድ ምሽት ዜና ይበቃል፣ ከቆጠቡት አንድ ሁለት ዘፈን ይጨምራል። እስከ 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል የሚባለውን ጣቢያ እንሰማ ነበር። በአገሩ ሬዲዮ ደግሞ የዓሊ ቢራን ኦሮምኛ፣ የትግርኛውን፣ የወላይታውን ቃሉን ሳንረዳ ዜማውን እናጠና ነበር። ከመሸ በኋላ ግን አጎቴ መርፌዋን ቀስ እያለ ወደ ኦምዱርማን ይወስዳታል። ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ወርዲ አርብ ገበያ ገቡ የምላችሁ እንዲህ ነው። ዜማው የእኛ ጆሮ የሚያውቀው ነው፤ አምስት ድምፅ ነው እነሱም የሚጠቀሙት። ቃሉ አረብኛ ነው። እግዚአብሔር ይስጠውና ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ፣ ገዳሪፍ ተሻግሮ የተመለሰ አንድ ጎረቤት ነበረን፤ እሱ እየተረጎመ ያስለቅሰናል። የአረብኛ ዕውቀቱ ከገበያ ቃል የሚያልፍ አይመስለኝም። ትርጉሙ ግን ከዘፈኑ ስለሚያምር ማንም ሊጠይቀው አልፈለገም።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ጋይንትና ስማዳ ምን እንደነበሩ ያየ አይረሳውም። በዚያ ርሃብ ለደረሰልን ዓለም ምስጋና ብሎ መንግሥት ሕዝብ ለሕዝብ የተባለውን ትልቅ የኪነት ቡድን በ1980 ዓ.ም. አውሮፓና አሜሪካ ላከ። ከየብሔረሰቡ የተውጣጣ ዘፋኝና ተወዛዋዥ በአንድ መድረክ ተሰለፈ። እኛ ያየነው ኋላ፣ በሰው ቤት ቴሌቪዥን ነው። ለስንዴ መልስ እስክስታ መላኩ ያኔ ለብዙዎቻችን ትክክል መስሎን ነበር፤ አሁን ሳስበው የሆነ የሚያሳፍር ነገርም አለው። ቢሆንም እርስ በርስ መተያየቱን ያገኘነው በዚሁ ሰበብ ነው። የዶርዜን ዘፈን ከሥሩ የሰማሁት ደግሞ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ አገር መቶ ሰው ቢሰበሰብ መቶውም አንዷን ዜማ ነው የሚለው። እነሱ አንዱ ሲጀምር ሌላው በሌላ መስመር ይገባል፣ ሦስተኛው በላያቸው ይጮኻል፣ የቀረው ከሥር ይይዛል፤ ሁሉም የየራሱን እያለ ሳይጋጭ ይሄዳል። ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ ይህንኑ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1977 በሸክላ አሳትሞት ነበር። ፓሪስ ያለ ሰው ዶርዜን ከጋይንት ሰው ቀድሞ ሰምቷል ማለት ነው።

አሁን የእህቴ ልጅ ሰሚ ሆኗል። የሞባይል ቤት አለው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከስልኩ ጋር ዓለምን ይዞራል። በቀደም “ጋሼ፣ ይቺን ይስሟት” ብሎ ጆሮዬ ላይ ለቀቀልኝ። የማሊው ዓሊ ፋርካ ቱሬ ነበር። ጊታሩን ትቶ ንጃርካ የምትባለውን ባለ አንድ አውታር መሣሪያ በደጋን ሲገዘግዛት። አጠገባችን ቆሎ የሚቆረጥሙት ሽማግሌ ቀና አሉና “ይሄ የየት አገር አዝማሪ ነው? ሰቆጣ ነው?” አሉ። ልጁ ካርታ አውጥቶ ኒያፉንኬን አሳያቸው። ብዙ አልተደነቁም፤ “ታዲያ ጭራው ያው ጭራ ነው” ብለው ወደ ቆሏቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ፍለጋው አልቆመም። በሰሐራ ያሉ ቱዋሬጎች ኢምዛድ የሚሏት ባለ አንድ አውታር አለቻቸው፤ የሚጫወቷት ሴቶች ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 መዝግቧታል። እኛ ዘንድ ሴት ማሲንቆ ይዛ ብትገኝ ምን ይባል እንደነበር አርብ ገበያ ያደገ ያውቀዋል። ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ጉስሌ አለ፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው፣ የሚዘፈንበትም የጀግና ታሪክ ነው፤ የእኛን ሽለላና ፉከራ ተቀምጦ ረጋ ብሎ እንደመስማት ነው። ሚልማን ፓሪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚያ ሄዶ ባላገር ዘፋኞችን ሲቀርጽ አቭዶ ሜጄዶቪች የሚባል ሥጋ ሻጭ አገኘ፤ ማንበብ መጻፍ አያውቅም፤ ከ12,000 ስንኝ በላይ ያለውን አንድ ታሪክ በቃሉ ወረደው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርስ እንዲህ ይሆን እንዴ ተብሎ ስንት መጽሐፍ ተጻፈ። እኛ ጠላ ቤት እስኪነጋ ያልተኛውን አዝማሪ ማን ቆጠረው?

እውነቱን ለመናገር ለማሲንቆ ያለኝ ግምት ከፍ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በእኛ ዘመን የተማረ ሰው ማሲንቆን የሚያያት በሐዘኔታ ነበር፤ አንድ አውታር፣ አንድ ደጋን፣ ድህነት። ፒያኖ ሰማንያ ስምንት ቁልፍ አለው ይሉናል አስተማሪዎቻችን። ያች አንድ አውታር ከኒጀር ወንዝ እስከ ባልካን ተራራ ዘመድ እንዳላት የነገረን አልነበረም። አሁን ስልኩ ነገረን። ስልኩ ሲነግረን ግን የሰፈራችን ባለማሲንቆ ሞቷል፤ ልጁም ኪቦርድ ገዝቷል። በሠርግ ላይ ድንኳኑ ሥር ሞንታርቦው ይቆለላል፣ ጀነሬተሩ ይነሣል፣ ኪቦርዱ ውስጥ ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ አለ። እሱ ሲጫን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ይነሣሉ።

ዘፈን ሁሉ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ደግሞ የተሠራው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ ኤምፕረስ ኦፍ ራሺያ በሚባል መጠጥ ቤት ጥቂት የሸክላ አሳታሚዎችና ነጋዴዎች ተሰበሰቡ፤ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ዘፈን ውጭ ያለውን ሁሉ “ወርልድ ሚዩዚክ” ብለን አንድ ላይ እንሽጠው ብለው ተስማሙ። ማሊውም፣ ቡልጋሪያውም፣ እኛም እዚያው ገባን። ስናስበው ይገርማል፤ ግን ጠላ ቤት ተቀምጠን ይሄ የወሎ ነው፣ ይሄ የጎጃም ነው፣ የቀረው ሁሉ የማዶ ነው ስንል የኖርን ሰዎች ነንና ብዙ መፍረድ አንችልም።

በዚያ መደርደሪያ በኩል የወጣው ነገር ብዙ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ “ኢትዮፒክስ” በሚል ስም የድሮ ዘፈኖቻችንን በተከታታይ አወጣ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 “ብሮክን ፍላወርስ” የሚባል የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ፤ የአለሙ አጋ በገናም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖም በዚሁ ተከታታይ ወጡ። ጌታቸው መኩሪያ የጦር ሜዳ ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ሰው ነው፤ በስተርጅና ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ተጫዋቾች ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም አወጣ። ፀጉራቸው የቆመ ነጮች ከአንድ የይፋት ሽማግሌ ኋላ ተሰልፈው ሲያቅራሩ ቪዲዮውን ያሳየኝ ያው የእህቴ ልጅ ነው። እኔ የማውቀው ሽለላ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነው። ቢሆንም ፀጉሬን አስነሥቶታል።

የባሕር ዳሩ ታሪክ ግን ትንሽ ይቆጠቁጠኛል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሲያሳድድ ባሕር ዳር ደረሰና ከአንድ ሱቅ የኃይሉ መርጊያን አንድ የድሮ ካሴት አገኘ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ያለበት። ኃይሉ ዋልያስ ባንድን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በየአገሩ ተጨበጨበለት። ከአርብ ገበያ ባሕር ዳር ወርዶ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ያንን ሱቅ ስንት ጊዜ አልፎት ሄዷል? እኛ ቤት የነበሩት ካሴቶች መጨረሻቸውን ላውራችሁ። ቀፎው የልጆች መጫወቻ ሆነ፤ ክሩ ማሳ ላይ ተወጥሮ በነፋስ እየጮኸ ወፍ ያባርር ነበር። ይርጋ ዱባለም ጥላሁን ገሠሠም ማሽላ ጠብቀዋል። በጊዜው ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ወፍ በእርግጥ ይፈራቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የእህቴ ልጅ ዓለም ከእጁ ጠፋችበት። ከዚያ አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ሚሞሪ ካርድ በእጅ መዞር ጀመረ። ደብረ ታቦር የሄደ ሰው ይዞ ይመለሳል፤ ከነፋስ መውጫ የመጣ ሹፌር ያስገለብጣል፤ “ማን ሰጠህ? ከየት መጣ?” ማለት እንደገና ተጀመረ። ዘፈን ባለቤትም ባይኖረው አምጪ ኖረው። ኔትወርኩ ሲመለስ ይህም አበቃ፤ ማንም አልናፈቀውም፣ እኔም በቪዲዮ ጥሪ ልጆቼን ማየቱ ይሻለኛል።

ልጁ አሁን አዲስ ሐሳብ አለው። የኢምዛድ ሴቶችን፣ የጉስሌ ሽማግሌዎችን ሲያይ ከርሞ “የእኛስ?” አለ። የወፍጮ እንጉርጉሮ ቀርጾ ይለቅቃል፤ ከማሊም ከጃፓንም ሰው ይሰማዋል። የት አገኛለሁ አለኝና በዕድሜ የገፉ አንዲት አክስታችን ዘንድ ወሰድኩት። ድምፃቸው ገና ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ስልኩን በትንሽ መቆሚያ ተክሎ ከፊታቸው ተቀመጠ።

“እማማ፣ ያችን ሲፈጩ የሚሏትን።”

“እህሉስ?”

“እህል አያስፈልግም እማማ፣ ዘፈኑ ብቻ ነው።”

“በባዶ ወፍጮ ነው የማንጎራጉረው? አብደሃል?”

ወፍጮው ተፈለገ። አንዱ ቤት ያለው ደጃፍ ላይ የእግር መርገጫ ሆኖ ተገኘ፤ ታጥቦ ገባ። መጅ ከሌላ ቤት መጣ። ጤፍ ተሰጣቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ከመጁ ላይ ሳያሳርፉ ልጁን አዩት።

“ስንት ላድማ ነው የምታስፈጨኝ?”

“ሦስት ደቂቃ ይበቃል እማማ። ከዚያ በላይ ሰው አያይም።”

“በሦስት ደቂቃ አንድ እፍኝም አይደቅ። እኔ መጀመሪያ ባሌን ነው የማነሣው፣ ቀጥሎ አማቴን፣ ራሴ ጋ የምደርሰው ሁለተኛው ሰፌድ ሲጋመስ ነው። በል፣ ና ወዲህ ጠጋ በል። አንተ ፍጭ፤ እኔ እልልሃለሁ።”

ልጁ ጃኬቱን አወለቀ።